የኒዥን መስመር አዲሷ ዲዳ

ኔልያ ስቴፓኒቭና ድምፅዋ የጠፋው በየካቲት ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከኪየቭ ወደ ፋስቲቭ በሚሄደው የረፋድ ባቡር ውስጥ ነው። ሦስተኛው ፉርጎ ገብታ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ፣ «የተከበራችሁ መንገደኞች፣ መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ» ልትል አፏን ስትከፍት የወጣው እንደዛገ ማጠፊያ ሲጥ የሚል ነገር ነበር። አንድ ሰካራም ሳቀ። እንደገና ሞከረች። በሁለተኛው ጭራሽ ምንም አልወጣም።

በዚያ መስመር ላይ ዘጠኝ ዓመት ጮኻለች። መርፌ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ባትሪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የድንች መላጫ ሸጣለች። ሥራዋን የጀመረችው በመላጫው ነው። ትሠራበት የነበረው ፋብሪካ ገንዘብ ሲያልቅበት የስምንት ወር ደመወዟን በድንች መላጫ ከፈላት። አራት መቶ መላጫ በሁለት ካርቶን ተሸክማ ወደ ቤቷ ስትመለስ ባቡሩ ውስጥ አንዲት ሴት «ይሸጣል?» አለቻት። ይሸጣል አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ፋብሪካው አልተመለሰችም።

ለባቡር አዟሪ ዕቃ ማለት ድምፅ ነው። መላጫው የትም ገበያ አለ። ሰው የሚገዛው ካሮቱን እየላጠች፣ ከባቡሩ ጫጫታ በላይ፣ «ባልዎ ሰነፍ ከሆነ ይሄን ይስጡት፤ እጁን ቢቆርጥ እንኳ ሰበብ አለው» ስትል ስለሚስቅ ነው።

ሐኪሙ ጉሮሮዋን በመስታወት አይቶ ሁለት እብጠት እንዳለ ነገራት።

«ስድስት ወር አትናገሪም» አላት። «በሹክሹክታም ቢሆን። ሹክሹክታው ይብሳል።»

ኔልያ ወረቀት ላይ «ምን በልቼ?» ብላ ጻፈች።

«እሱን እንጃ። እኔ የጉሮሮ ሐኪም እንጂ የሆድ አይደለሁም።»

የፋስቲቭ መስመር አዟሪዎች አለቃ አርካዲ ይባላል። ድሮ ትግል ያሠለጥን ነበር፤ አሁን ማን የትኛው ባቡር ላይ፣ የትኛው ፉርጎ ውስጥ፣ ምን እንደሚሸጥ የሚወስነው እሱ ነው። አርብ ዕለት ቦያርካ ጣቢያ ላይ አዟሪዎቹን ሰብስቦ አስጠራት።

«ስቴፓኒቭና፣ ያንቺን ነገር ሰማሁ» አላት። «ማለቴ፣ አልሰማሁም። ችግሩም እሱ ነው።»

የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ኔልያ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችና ሰጠችው። አርካዲ ጮክ ብሎ አነበበው።

«‹እስከ ነሐሴ ቦታዬን ጠብቁልኝ።› እስከ ነሐሴ! እኔ የሲኒማ ቤት በረኛ ነኝ? ወንበር ላይ ኮት ጥዬልሽ የምጠብቅ? ሦስት ቀን ያልሠራ ሰው ቦታው ለሌላ ያልፍበታል። ሕጉ ሲወጣ አንቺም ነበርሽ። ሚሻ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ‹ቦታው ይለፍ› ስንል መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን ነበር?»

እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። የሚሻንም ፉርጎ የወሰደችው እሷ ናት።

ሦስተኛው ፉርጎ ለኢሎና ተሰጠ። ኢሎና የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ ትንፋሽ ከሆድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ተራ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረቻት ኔልያ ነበረች። መጥታ ሻንጣዋን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«መላጫዎቹን ትሸጪልኛለሽ ስቴፓኒቭና? ላንቺ ከእንግዲህ ምን ያደርጉልሻል? ካሮቷንም ጨምሪልኝ።»

ሸጠችላት። ካሮቷንም ጨመረችላት።

ኔልያ አንዲት ልጅ አላት፤ ሌስያ ትባላለች። የመድኃኒት ቀማሚነት ተምራ፣ ኪየቭ የጥርስ ሐኪሞች ቤተሰብ ውስጥ ገብታ አግብታለች። በሠርጉ ዕለት እናቷን «የወተት ፋብሪካ ሂሳብ ሹም» ብላ አስተዋወቀቻት፤ ኔልያም ሠርጉን ሙሉ ስለ ወተት ስታወራ አመሸች። ዓመት ተኩል ቆይቶ ከሠርጉ እንግዶች አንዷ የፋስቲቭን ባቡር ተሳፍራ ከሂሳብ ሹሟ ድንች መላጫ ገዛች።

ሌስያ በዚያው ሳምንት እናቷ የምትኖርበት ክፍል መጣች። ኮቷን እንኳ አላወለቀችም።

«እማ፣ ወይ ይሄን ሥራ ተዪ፣ ወይ ቤታችን አትምጪ። አማቴ ገበታ ላይ ሹካ ባነሳሁ ቁጥር ‹መላጫ ላምጣልሽ?› ትለኛለች።»

«በዚያ መላጫ ነው የተማርሽው።»

«አውቃለሁ! ባላውቅ ኖሮ ይሄን ያህል ያመኛል?»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልተያዩም። ለአዲስ ዓመት ካርድ ይመጣል፤ ኔልያ አትመልስም።

መጋቢት ሲገባ ቤቷ ውስጥ የቀረው ድንችና ጎመን ነበር። ያኔ ነው መስማት የማይችሉት የዲዳ አዟሪዎች ነገር ትዝ ያላት።

በከተማ ዳርቻ ባቡር የተመላለሰ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ፉርጎ ይገባሉ፣ ምንም አይሉም፣ በየመንገደኛው አጠገብ አንድ አንድ ዕቃ ያስቀምጣሉ፤ የቁልፍ መያዣ፣ የእንቆቅልሽ መጽሔት፣ የኪስ ቀን መቁጠሪያ። እስከ ፉርጎው ጫፍ ይሄዱና ይቆማሉ። ከዚያ ተመልሰው ይሰበስባሉ፤ የፈለገ ይከፍላል፣ ያልፈለገ ዕቃውን ይመልሳል። ድምፅ ያላቸው አዟሪዎች ይጠሏቸዋል። ኔልያም ትጠላቸው ነበር፤ አርካዲ ከፋስቲቭ መስመር ሲያባርራቸው አጨብጭባለች።

የኒዥን መስመር ከዲኒፕሮ ወንዝ ማዶ ነው። እዚያ የሚያውቃት ሰው የለም። ኔልያ ሠላሳ የቁልፍ መያዣና ሃያ መጽሔት ገዛች፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ዳርኒትሳ ጣቢያ ላይ ተሳፈረች።

ሁለት ቀን ሠራች። በሦስተኛው ቀን ብሮቫሪ ጣቢያ ላይ አንድ ሰው ከባቡር ሲያወርዳት ክንዷን አልጎተተም፤ በቃ ይዞ ቆመ፣ ባቡሩ ሄደ።

ዛሃር ነው የሚባለው። አርባ አምስት ዓመት ገደማ፣ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ። በስምንት ዓመቱ በማጅራት ገትር የመስማት ችሎታውን አጥቷል፤ ከንፈር ያነባል፤ ሲፈልግ ደግሞ ይናገራል፣ ከባድ ሣጥን በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት በሚመስል ድምፅ። የኒዥን መስመር ዘጠኝ ዲዳ አዟሪዎች የእሱ ናቸው። በእጁ ምልክት አንድ ነገር አላት። ኔልያ አልገባትም። ደብተሯን ከኪሷ አውጥቶ ጻፈ፦ «ማን ነሽ?»

«ኔልያ እባላለሁ። ከታመምኩ ወዲህ አልሰማም። የእጅ ቋንቋ አላውቅም። ብቻዬን ነኝ።»

ከአራቱ ቃል ውስጥ ውሸቱ አንዱ ብቻ ነበር።

ዛሃር ተረጋግቶ ጻፈላት። ጽሕፈቱ የተማሪ ጽሕፈት ነው፣ ክብና ንጹሕ። «ዓምና አንድ የሚሰማ ሰው ዲዳ ነኝ ብሎ መጣብን። እጁን የባቡር በር ውስጥ አድርገን ዘጋንበት። አሁንም ጆሮው ደህና ነው። በጣቱ መቁጠር ግን እስከ ስድስት ብቻ ነው የሚችለው።»

እያነበበች ሳለ ከኋላዋ አንድ እፍኝ ሳንቲም አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ኔልያ አልዞረችም። ያዳናት ብልሃት አልነበረም፤ አንገቷ በፍርሃት ደርቆ ነው። ከኋላዋ ሳንቲሙን የበተነችው ሊዳ፣ የዛሃር ቀኝ እጅ የሆነች ቀጭን ሴት፣ መጥታ ፊቷን አየችና ትከሻዋን ነቀነቀች።

መጀመሪያ የሰጧት ማንም የማይፈልገውን፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ባዶውን የሚመለሰውን ባቡር ነው። ሊዳ የእጅ ቋንቋ አስተማረቻት። ዳርኒትሳ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ዳቦ፣ ፖሊስ፣ ትኬት ተቆጣጣሪ፣ ሰካራም፣ «ውረጂ»፣ «እየተከተሉን ነው»። ኔልያ ስትሳሳት ሊዳ ክንዷን ትቆነጥጣለች። ደም እስኪቋጥር ነው የምትቆነጥጠው። ስታገኘው ደግሞ ከኪሷ የሱፍ ፍሬ ታካፍላታለች።

ሌላውን ኔልያ ራሷን በራሷ አስተማረች። ማታ ማታ ቤቷ ውስጥ የደወል ሰዓት ከኋላዋ ሞልታ ታስቀምጣለች፤ እስኪጮኽ ድረስ ድንች ትልጣለች። ሲጮኽ ቢላዋው እጇ ላይ እንዳይቆም ነው ልምምዱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትልልቁን ድምፅ ለመደችው። የሚከብደው ትንሹ ነው። «ይቅርታ» ሲባል። «ሴትዮ፣ ወደቀብሽ» ሲባል። አንድ ሰው ከኋላ ሲያስነጥስና አፍ «ይማርህ» ሊል ሲቀድም።

መንገደኞችም አሉ። ሰው ዲዳ ፊት እንደ ግድግዳ ፊት ነው የሚያወራው።

«ታሳዝናለች። ፊቷን ላየው ሰው ደህና ሰው ትመስላለች።»

«ምኗ ያሳዝናል? ጭቅጭቅ አትሰማ፣ የጎረቤት ወሬ አትሰማ። ሚስቴን እንዲህ ባደረጋትና ሻማ ባበራሁ።»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

«በምኗ? በአፍንጫዋ?»

ሁለት ተማሪዎች ተወራርደው አንደኛው ጆሮዋ ሥር የማይነገር ስድብ ጮኸ። ኔልያ አጠገቡ መጽሔት አስቀመጠችለት። የተወራረደው ተሸነፈና መጽሔቱን ገዛ።

ሚያዝያ ላይ ዛሃር የጠዋት ባቡር ሰጣት። ሥራው ላይ ጎበዝ ነበረች፤ ይሄን እሷም ታውቀዋለች። የማን ዓይን ከዕቃው እንደሚሸሽ፣ ማን በሀፍረት እንደሚከፍል ዘጠኝ ዓመት አጥንታዋለች። ድሮ የምታሳፍረው በቀልድ ነበር፣ አሁን በዝምታ ነው።

በወሩ መጨረሻ አንድ ጠዋት የሻይ ማንቆርቆሪያው እጇን አቃጠላትና «ኧረ!» አለች። ጥርት ያለ፣ ክፍሉን የሞላ ድምፅ ነበር። በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከሐኪሙ ቀጠሮ ሦስት ወር ቀድሞ ተመልሷል። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አሰበችበት። ፋስቲቭ ላይ ቦታ የላትም፤ ሌላ መስመር ቢሄዱ አለቃው ከአርካዲ ጋር ይጠጣል። ያላት ኒዥን ነው። ድምፅዋ ከእንግዲህ ጣቷን የሚያስቆርጥ ነገር እንጂ ሌላ አልነበረም። ሻሿን አሠረችና ወጣች።

ያጋለጣት ግን ድምፅዋ አልነበረም። በግንቦት መጀመሪያ ሐሙስ ቀን ከሊዳ ጋር ከኒዥን ሲመለሱ ኔልያን መስኮቱ ጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ድምፅ አላወጣችም። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ሊዳ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ የሱፍ ፍሬዋን እየቆረጠመች ከንፈሯን አነበበችው፦ «የተከበራችሁ መንገደኞች፣ መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ…» ካሮቱንም አነበበች። ሰነፉን ባልም አነበበች።

ሳትቀሰቅሳት ዳርኒትሳ ላይ ወርዳ ለዛሃር ነገረችው።

ዛሃር በማግስቱ ኔልያን በእጁ አናገራት፤ አሁን በደንብ ትረዳዋለች። «ሊዳ በእንቅልፍሽ ትሸጫለሽ ትላለች።»

«ከመታመሜ በፊት ባቡር ውስጥ ብዙ ሰምቻለሁ» አለች ኔልያ በእጇ። «ሰው ያኔ የሰማውን ያልማል።»

«ሊሆን ይችላል። እኔም በሕልሜ ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው። የዳቻ ባቡር። አሥሩንም ፉርጎ ትሠሪያለሽ፣ እኔ ከኋላሽ ነኝ። ካልዞርሽ የእኛ ነሽ። አንዴ ከዞርሽ በሩን ታውቂዋለሽ።»

ቅዳሜ የኪየቭ ሰው ሁሉ ቲማቲም ሊተክል ይወጣል። የከተማው ሰው ከከተማ ውጭ ትንሽ ቤትና መሬት አለው፤ ዳቻ ነው የሚሉት። በባቡሩ ውስጥ ወንበሩም መተላለፊያውም በችግኝ ሣጥን፣ በአካፋ፣ በቅርጫት ውስጥ በሚያለቅስ ድመት ተሞልቷል። ለአዟሪ ከዚህ የተሻለ ባቡር የለም።

አንደኛው ፉርጎ ውስጥ ሊዳ ከኋላዋ የቆርቆሮ ትሪ ጣለች። ሁለት ሴቶች ጮኹ። ኔልያ ዕቃ ማስቀመጧን ቀጠለች። ሁለተኛው ውስጥ ዛሃር የከፈለው ሰካራም ተከተላት፦ «ኔልያ! ኔሊችካ! ባልሽ ነኝ እኮ፣ ከእስር ቤት ወጣሁ!» ፉርጎው በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልዞረችም። ሦስተኛው ውስጥ ምንም አልሆነም፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ ባሰ፣ ምክንያቱም ሙሉውን ፉርጎ አንገቷ በላብ ረጥቦ ጠበቀች።

አራተኛው ውስጥ ልጇ ነበረች።

መስኮቱ ጋ ነጭ ባርኔጣ ያደረገች ትልቅ ሴት፣ የሌስያ አማት፣ አጠገቧ ወንድ ልጇ፣ ፊት ለፊት ሌስያ። የችግኝ ሣጥኑ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ከሣጥኑ በላይ ሆዷ ገፍቷል። ሰባት ወር ይሆነዋል። ኔልያ ዳቻቸው በዚህ መስመር እንደሆነ አታውቅም ነበር። አንዴ ጠይቃ ሌስያ «ሩቅ ነው» ብላታለች።

ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ዛሃር ከኋላዋ በር ላይ ነበር። ለባርኔጣዋ ሴት አንድ የፕላስቲክ ዓሣ የተንጠለጠለበት የቁልፍ መያዣ፣ ለወንድየው መጽሔት፣ ለሌስያ ደግሞ ሌላ ዓሣ አስቀምጣ አለፈች። ቀና አላለችም። ሌስያ ፊቷን አላየችም፤ ያወቀቻት በእጇ ነው።

«እማ?»

ቀስ ብላ ነው የጠራችው። ኔልያ በቀጣዩ ተራ መጽሔት አስቀመጠች።

«ምን አልሽ?» አለች አማቷ።

«እናቴ ናት።»

«ማን? ይቺ ዲዳ?» አማቷ አንገቷን አስግጋ አየች። «ሂጂ ወዲያ! ያንቺ እናት አፍ ነበራት፤ ሠርጉን ሙሉ ስትለፈልፍብን አላመሸችም እንዴ? ይቺ ምስኪን ናት።»

«እናቴን አላውቃትም እንዴ? እማ! እማዬ! ዙሪ እንጂ!»

መንገደኞቹ ሁሉ ዞሩ። ድመቱ ብቻ ያለቅሳል። ኔልያ አካፋ የያዘ ሽማግሌ አጠገብ ዓሣ አስቀመጠች። ሽማግሌው «እመቤት፣ እየጠሩሽ ነው» አላት፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ከኋላዋ ሣጥን ሲቀመጥ፣ ሰው ሲነሣ፣ «ወዴት ነው? ተቀመጪ፣ ሰው እያየን ነው» ሲል የሌስያ ባል ተሰማት። እግር ቀረበ። ከዚያ ሌስያ እጅጌዋን ያዘቻት።

ሲነኩት ዲዳም ይዞራል። ያ ይፈቀዳል። ኔልያ ዞረች።

የልጇ ፊት ወፍሯል፤ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሌስያ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፦ «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው? ለምን አትመልሺልኝም? ሁለት ካርድ ልኬልሽ የለ? ያልኩሽን ሁሉ… ክፉ ነበርኩ፣ ይቅር በዪኝ። ይኸው በሰው ፊት ነው የምልሽ። ሐምሌ ላይ እወልዳለሁ። ነዪልኝ። መላጫም ይዘሽ ነዪ፣ ግድ የለኝም።»

ከሌስያ ትከሻ በላይ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ዛሃር መስኮቱን ይመለከት ነበር። የሌስያ ከንፈር በመስታወቱ ውስጥ ይታያል።

ኔልያ በጣቷ ጆሮዋን ነካች። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ የቁልፍ መያዣ አውጥታ በተከፈተ መዳፏ ዘረጋችላት፤ ሊዳ ያስተማረቻትንም ፈገግታ ፈገግ አለች።

«እማ፣ እንዲህ አታድርጊኝ።»

ኔልያ እጇን እንደዘረጋች ቆየች።

«ሌስያ፣ ነይ ተቀመጪ!» አማቷ ጮኸች። «ሴትየዋን አስደነገጥሻት። ምን እንደምትያት እንኳ አታውቅም፣ የእግዜር ፍጡር!»

የሌስያ ፊት ቀስ በቀስ ተዘጋ። ኔልያ ሲዘጋ አየችው። ልጇ በትንሽነቷም ስትቆጣ እንደዚያው ነበረች፤ መጀመሪያ አፏ፣ ቀጥሎ ዓይኗ።

«ገባኝ» አለች ሌስያ። «ሁለት ዓመት ስታጠራቅሚው ነበር። እሺ። አሁን ሂሳባችን ተዘጋ።»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተመለሰች።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የሥራው ወግ እንዲህ አይደለም፤ ያስቀመጡትን መሰብሰብ አለ። ኔልያ የፉርጎው ጫፍ ሄዳ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። እስከ መቶ ይቆጠራል። ቆጠረች። ከዚያ ከተራ ተራ እየሰበሰበች ተመለሰች። ሽማግሌው ገዛ። ድመት የያዘችው ሴትም ገዛች። በዚያ ቀን አራተኛው ፉርጎ ውስጥ ሁሉም ገዛ።

አማቷ ብር ኖቱን መዳፏ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨበጠቻት፤ ሰው ለዲዳ እንደሚያደርገው አፏን እየከፈተች «አ–ይ–ዞ–ሽ» አለቻት። «ይቅርታ አድርጊላት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሁሉም ሰው እናቷን ይመስላታል።» ሌስያ መስኮቱን ታይ ነበር። ዓሣው ያልተከፈለበት ዕቃ ሆኖ አጠገቧ ቀርቷል፤ አልነካችውም። ያልተገዛ ይነሣል። ኔልያ ጎንበስ ብላ አነሣችው። እጇ የልጇን ኮት ነካ። ኮቱ ሞቃት ነበር።

በሁለቱ ፉርጎ መካከል ባለችው መግቢያ ዛሃር በሩን ዘግቶ ጠበቃት።

«ማን ናት?» አለ በእጁ።

«አላውቃትም። በሰው ተሳስታ ነው።»

«‹እማ› አለችሽ። ከሁሉ የሚቀል ቃል ነው፤ ሁለት ከንፈር ገጥሞ መክፈት ነው። ጆሮዬ ከጠፋ በኋላ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል እሱ ነው።»

ኔልያ ትከሻዋን ነቀነቀች። ባቡሩ ፍጥነት መቀነስ ጀመረ። ዛሃር ቀኝ እጇን አነሣ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋና በሩ ሲከፈት በሚገባበት ክፍተት ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። አልሳበችውም። ባቡሩ ሊቆም ሲቃረብ ፊቷን እያየ ቆየ። ከዚያ እጇን ለቀቀው። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ ተዘጋ።

በአፉ ተናገረ፤ ያ የሚጎተት ሣጥን ድምፅ። «ትሰሚያለሽ። ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። ሳንቲሙ ሲበተን አንገትሽ አልተንቀሳቀሰም፣ ዓይንሽ ግን ተንቀሳቅሷል። ስንት ቀን ትችይ ይሆን ብዬ ነው።» ሳቀ፤ ሳቁ ድምፅ አልነበረውም። «እኔ እናቴ ብትጠራኝ እዞር ነበር። ሳልሰማም እዞር ነበር።»

ኔልያ ከንፈሩን ተመለከተች፣ እንደሚያነብ ሰው።

ዛሃር ወደ እጁ ተመለሰ። «ከዛሬ ጀምሮ የቅዳሜ የዳቻ ባቡር ያንቺ ነው። እስከ መስከረም መጨረሻ። ከሊዳ ወስጄዋለሁ።» ሊዳ ባቡሩን ስድስት ዓመት ይዛዋለች፤ ልጆቿን የምታበላው በእሱ ነበር። «አንድ ቅዳሜ ብትቀሪ መስመሩን ትለቂያለሽ። አንድም ፉርጎ አይዘለልም። አራተኛው ደግሞ በተለይ።»

«እሺ» አለች ኔልያ በእጇ፤ ቦርሳዋን አስተካክላ አምስተኛው ፉርጎ ገባች።

የዳቻ ሰው ቦታ አይቀያይርም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አራተኛው ፉርጎ ውስጥ ነጭ ባርኔጣው እዚያው መስኮት ጋ ነበር።

«መጣች ምስኪኗ!» አለች አማቷ በደስታ፣ እንደ ዱሮ ወዳጅ እጇን እያውለበለበች። «ሌስያ፣ ያቺ ያንቺ ዲዳ መጣችልሽ።»

ሌስያ ጉልበቷ ላይ የእንቆቅልሽ መጽሔት ዘርግታ እርሳስ ይዛለች። ኔልያ አጠገቧ ዓሣውን አስቀመጠች። እርሳሱ ቆመ። ሌስያ ቀና ብላ እናቷን ዓይን ዓይኗን አየቻት፤ ዓይኗን ሳትነቅል ለአማቷ መለሰች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል፦

«እውነትዎን ነው እማማ። በሰው ተሳስቼ ነው። እናቴ አፍ ነበራት። ሞታለች።»

«እንዴ! መቼ?» አለች አማቷ።

«ከሞተች ቆየች።»

ኔልያ ለባልየው መጽሔት አስቀመጠች። እስከ ፉርጎው ጫፍ ሄዳ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመችና መቁጠር ጀመረች።